በትእዛዝ የተማረችው ዐረብኛ

ልጅ ሳለሁ፣ ዳዊት ደግሜ በፈጸምሁበት ዓመት፣ ግእዝ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። በደብራችን ቅጽር ሥር ባለችው የተማሪ ጎጆ አብረውኝ የሚያድሩት ልጆችም ስለ ራሳቸው እንደዚሁ ያስቡ ነበር። ያኔ ይህን ግምታችንን ያፈረሱብን አባ ወልደ ትንሣኤ የሚባሉ፣ ብዙ ገዳማት ዞረው በስተእርጅና በእኛ ደብር የተቀመጡ መነኵሴ ናቸው። አንድ ምሽት ወደ ጎጆአችን ገብተው ከእሳቱ ዳር ተቀመጡና፣ ጠምቶኛል ብሎ በግእዝ ውኃ የሚለምናቸው ልጅ እንዳለ ጠየቁን። «ማረኝ» ማለት እናውቃለን፤ «ስማኝ»፣ «አድነኝ»፣ «ፊትህን አትመልስብኝ» ማለትም እናውቃለን፤ የተጠማ ሰው ለባልንጀራው የሚናገረውን ግን አንዳችንም አላገኘነውም። ከመካከላችን አንዱ ውኃ የሚል ቃል ያለበትን የዳዊት ልመና ከቃሉ አወጣና «ከብዙ ውኃ አውጣኝ» የሚለውን በግእዝ አሰማ።

አባ ሳቁ። «ልጄ፣ አንተማ ጠጥተህ ተርፎሃል» አሉት።

ከዚያ ምሽት በኋላ ተረት ይነግሩን ጀመር፤ የሚነግሩንም በግእዝ ነበር። ኩራዟን እፍ ብለው ያጠፏታል፤ በቃል ለሚማር ሰው ጋዝ ማባከን አይገባም ይሉ ነበር። ስለዚህ ፊታቸውን የምናየው በፍሙ ብርሃን ብቻ ነው፤ ርጥብ እንጨት የተማገደ እንደሆነ ደግሞ ጢሱ ይጋርዳቸውና ድምፃቸው ብቻ ይቀርልናል። ተረቶቹ የሊቃውንት ነገር አልነበሩም። የሰው ማሳ ለመጠበቅ ስለ ተቀጠረ ዝንጀሮ፣ በአንድ አጥር ስለሚጣሉ ጎረቤታሞች፣ ገበያ ወርዳ አህያዋን ረስታ ስለ ተመለሰች ሴት ነበሩ። በእነርሱ ውስጥ ግን ሰው ይከራከራል፣ ያሾፋል፣ ዋጋ ያስቀንሳል፣ ልጁን ያባብላል፣ ጎረቤቱን ይቅርታ ይጠይቃል። ከጸሎታችን ያላገኘናቸው ቃላት ሁሉ እዚያ ውስጥ ሥራ ላይ ውለው እናገኛቸው ነበር።

አባ አንድ ሥርዐት ነበራቸው። የትናንቱን ተረት ከመካከላችን አንዱ በራሱ አንደበት፣ በግእዝ፣ እስኪመልስላቸው ድረስ አዲስ አይጀምሩም። መላሹ ሲሳሳት አያቋርጡትም፤ ቃል ሲጠፋውም አያቀብሉትም። ዝንጀሮው ደመወዙን ሊጠይቅ ከገበሬው ፊት በቆመበት ላይ ተረቱን የገቱት ጊዜ፣ በማግስቱ መመለሱ የእኔ ተራ ሆነ። «ተቀጠረ» የሚለው ቃል ጠፋኝ። ጢሱ ዐይኔን ያቃጥለኛል፣ ጓደኞቼ በክርናቸው ይጎስሙኛል፤ ዝንጀሮው ምን እንዳለ ለመስማት ሁሉም የሚጠብቁት የእኔን አፍ ነበርና። በመጨረሻ ዞር ብዬ በሌላ መንገድ ሄድሁ፤ «አንዱ ሊጠብቅ፣ ሌላው ሊያበላው ተስማሙ» ብዬ አለፍሁት። አባ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ዝንጀሮው ለገበሬው «ደመወዜንስ ከማሳው በልቼዋለሁ፤ የመጣሁት ልሰናበትህ ነው» እንዳለው የሰማነው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ነገር ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ልቡናዬ የተመለሰው በዐረብ አገር፣ በሻርጃ ነው። አሁን የምኖረው አል ናህዳ በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ በአየር መንገድ ቢሮ ከሚሠራው ልጄ ከመክብብ ዘንድ ነው። የክርስትና ልጄ ፍሬሕይወት ደግሞ ዐጅማን ውስጥ በአንድ ቤት ተቀጥራ፣ ሐጃ የሚባሉ ዐይናቸው የደከመ አሮጊት ትንከባከባለች፤ ማዳም የምትላት አሠሪዋ የሐጃ ልጅ ናት። በዕረፍት ቀኗ ከእኛ ዘንድ መዋል ልማዷ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓደኛዋን ሜሮንን ይዛ መጣች። ሜሮን አል ጋርሁድ ባለ ሆቴል ክፍል የምታጸዳ፣ አል ሙራቃባት ውስጥ በአንድ ክፍል አልጋ አልጋ እየተከራዩ በሚኖሩበት ቢድ ስፔስ የምታድር፣ እምነቷ ጴንጤቆስጤ የሆነ፣ ጨዋታ የማያልቅባት ልጅ ናት።

ፍሬሕይወት የቀረበላትን ምግብ አልነካችም። ማዳም ፍሬሕይወትን ላስቀጠረው ኤጀንሲ ደውላ ሌላ ሴት እንዲፈልግላት ነግራለች፤ ሌላዋ የተገኘች ዕለት ፍሬሕይወት ወደ ኤጀንሲው ትመለሳለች፤ ከዚያም ሥራ ካልተገኘላት ወደ አገሯ ትላካለች። ለዚህ ያደረሳት የሐጃ አቤቱታ ነው።

«ምን ብለው ከሰሱሽ?» አልኋት።

«"ይህቺ ልጅ ታዘኛለች" አሉ። አባባ፣ እኔ ሐጃን ላዛቸው?»

«ምን እያልሽ ነው የምታናግሪያቸው?»

ሜሮን ቀድማ መለሰችላት። «ጠዋት "ያላ፣ ተነሺ"፤ ቀን "ያላ፣ ብዪ"፤ ማታ "ኸላስ፣ ተኚ"። አሮጊቷን እንደ ወታደር ነው የምታሰልፋቸው አባባ።»

«ሌላውን ማን አስተማረኝ?» አለች ፍሬሕይወት። «ለኔ የሚባለው እሱ ነው። እኔም ያንኑ ነው የማውቀው።»

እውነቷን ነበር። ከመጣች ጀምሮ ወደ ጆሮዋ የገባው ዐረብኛ ሁሉ ትእዛዝ ነው፤ አምጪ፣ ውሰጂ፣ ጥረጊ፣ ቶሎ በዪ ለማለት ያላ፣ በቃ ለማለት ኸላስ። ሰው የሚናገረው የሰማውን ነውና፣ ለሐጃ ምሳ ስታቀርብላቸው በፍቅር ነው የምታቀርብላቸው፤ ከአፏ የሚወጣው ግን የማዳም ድምፅ ነው። እኛ ልጆች ሳለን ከግእዝ የልመናውን ብቻ እንደያዝን፣ እርሷም ከዐረብኛ የያዘችው የትእዛዙን ብቻ ነበር።

ሜሮን ግን ነገሩን በሌላ በኩል አየችው። «ለምን ትጨነቂያለሽ? በዐረብኛ የት ልትደርሺ ነው፤ ከማጀት ማጀት። የጀመርሽውን እንግሊዝኛ ያዢ፤ እኔ ሆቴል አስገባሻለሁ፤ ኸላስ።»

መክብብም ደገፋት። ሆቴሉም፣ ባንኩም፣ የእርሱም ቢሮ የሚሠሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰው ቋንቋ ሲመርጥ ነገ የሚሠራበትን ቦታ አስቦ መሆን አለበት አለ። ያለው ስሕተት የለበትም። እኔም ወደ ዐረብኛው ማድላቴን ዐውቃለሁ፤ ለግእዝ የሥጋ ዘመድ ነው፤ በየመንገዱ ስሄድ ቤቱን፣ ነፍሱን፣ ሰማዩን በሌላ ዜማ ሲጠሩት እሰማለሁና። በዚህ ምክንያት የእኔን ፍላጎት ለእርሷ እንዳልመርጥላት ተጠነቀቅሁና ሌላ ነገር ጠየቅኋት።

«እንግሊዝኛውን ከማን ጋር ነው የምታጠኚው?»

«ከስልኬ ጋር። በቀን በቀን ቃል ይሰጠኛል።»

«ስትሳሳቺ ምን ይልሻል?»

«"እንደገና ሞክሪ" ይላል።»

«እሱም ያዛታል እኮ» አለች ሜሮን። ያን ጊዜ ፍሬሕይወት ራሷ ሳቀች፤ እንጀራዋንም ቆረሰች።

የአባን ሥርዐት የነገርኋቸው ከዚህ በኋላ ነው። ማታ ማታ ሐጃን አንድ ተረት ትጠይቃቸው፤ በማግስቱም እንደ ምንም ብላ ትመልስላቸው አልሁ። የምትማረውን ቋንቋ ከመምረጧ በፊት ተቀምጦ የሚያወራት ሰው በየትኛው ቋንቋ እንዳለ ትመልከት፤ ለእርሷ ደግሞ በዚያ ቤት ያሉት ሐጃ ብቻ ናቸው።

«የምታባርራትን ሴትዮ ተረት ንገሪኝ ትበላት?» አለች ሜሮን። «ዋላሂ፣ በዚያው ሌሊት ነው የሚሸኟት።»

«ትሸኝ እንደሆነ ትሸኛለች» አልኋት፤ «ተረት ጠይቃ ብትሸኝ ምን ይጎድልባታል?»

አንድ ችግር ግን ቀረ፤ ንገሩኝ ብሎ መለመኛው ራሱ በእጇ አልነበረም። መክብብ ወደ ቢሮው ከሚመጡ ዐረብ ደንበኞች የሚሰማውን የትሕትና ዐረብኛ ሰጣት። እርሷም በእኛ ሳሎን ከመስኮቱ እስከ በሩ እየተመላለሰች፣ እኛ ውዳሴ ማርያም ስናጠና እንደምናደርገው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትደጋግመው አመሸች። ሜሮን በየመሐሉ ሐጃን ሆና እየተቆጣች ትፈትናት ነበር።

የሆነውን በስልክ ነገረችኝ። ሐጃ በመጀመሪያው ምሽት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። በሌላው ምሽት «ማን ነው ይህን ያስተማረሽ?» ብለው ጠየቋት፤ የክርስትና አባቴ ስትላቸው «ስንት ዓመቱ ነው?» አሉ፤ ሽማግሌ መሆኔን ሲሰሙ ጥቂት ለዘብ አሉ። አባታቸው ባሕር ጠልቆ ዕንቁ የሚያወጣ ሰው ነበርና፣ የነገሯትም ከእርሱ የሰሙትን፣ ከባሕር ወጥታ ገበያ የሄደችን ዓሣ ተረት ነው። በማግስቱ ፍሬሕይወት መለሰችላቸው፤ በእርሷ አመላለስ ግን ነገሩ ተገላበጠባትና፣ ዓሣዋ በተረቱ ያለውን አጥማጅ ዋጋ ተከራክራ ገዝታው ወደ ባሕር ይዛው ገባች። ሐጃ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ማዳምን ጠርተው ፍሬሕይወት ደግማ እንድትናገር አደረጉ፤ «ርካሽ ሆኖ አግኝታው ነው» ብለውም ከራሳቸው ጨመሩበት።

ሐጃ እንደ አባ ታጋሽ አልነበሩም። ቃል ሲጠፋት በበትራቸው ወለሉን ይመታሉ፤ የተሳሳተችውን እዚያው ያርማሉ፤ አንዳንዴም ተረቱን ራሳቸው ረስተውት በእርሷ ያላክካሉ። ቢሆንም በተረቱ ውስጥ እናት ልጇን ታባብላለች፣ ሚስት ባሏን ደከመህ ወይ ትላለች፣ እንግዳ ከደጅ ሆኖ ልግባ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ፍሬሕይወትም እነዚህን አንድ በአንድ ወደ ሐጃ ማዕድና ወደ ሐጃ አልጋ ወሰደቻቸው። ምሳ ስታቀርብ «ያላ» ማለቷን መቼ እንደ ተወች ራሷም አላስተዋለችም።

ኤጀንሲው ይህን አያውቅም፤ ሥራው ነውና ሌላ ሴት አገኘ። አዲሲቱን ሴት ያመጣው የኤጀንሲው መኪና ከደጅ በቆመ ጊዜ ፍሬሕይወት ሻንጣዋን ዘግታ በጓዳው በር ቆማ ነበር። ማዳም ለእናቷ ልትነግራቸው ገባች።

«የትናንቱን ሳትመልስልኝ የት ትሄዳለች?» አሉ ሐጃ።

ማዳም መኪናው እየጠበቀ ነው አለቻቸው።

«ታዲያ ይጠብቅ፤ የትናንቱ ረጅም ነው።»

መኪናው ጥቂት ቆየና ሄደ። የመጣችውን ሴት የማዳም እኅት ወሰደቻት፤ ፍሬሕይወትም ሻንጣዋን መልሳ ፈታች።

ዐረብኛ ከእንግሊዝኛ ይበልጣል ለማለት ይህን አልጻፍሁትም። ለሜሮን እንግሊዝኛው ትክክል ነበር፤ ቢድ ስፔሱ ውስጥ ከአጠገቧ የምትተኛ ፊሊፒናዊት የአገሯን ወሬ ሁሉ በእንግሊዝኛ ታጫውታታለች፤ ሜሮንም ጴንጤቆስጤዎች በተከራዩት አዳራሽ ለሌላ አገር ሰዎች ስብከቱን እስከ ማስተርጎም ደርሳለች። አባ ከነገሩን ተረቶች ግን ዛሬ ብዙዎቹ ጠፍተውኛል፤ ስሜን የሚጠሩበት ድምፅ እንኳ በትክክል አይመጣልኝም። የቀረልኝ ነገር ቢኖር፣ እኔ የጠፋኝን ቃል ስፈልግ አንድ ትልቅ ሰው ሌላ ሥራ ሳይዝ ሊሰማኝ መቀመጡ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ መምህራን አስተምረውኛል፤ እንደዚያ ሆኖ የሰማኝን ግን ብዙ አላገኘሁም።

ባለፈው የዕረፍት ቀኗ ፍሬሕይወት እራት ሳይቀርብ ተነሣች። ገና ነው፣ ቁጭ በዪ ብንላት እንቢ አለች።

«የናህዳ መንገድ ሳይዘጋጋ ልሂድ አባባ» አለችኝ፤ «ሐጃ ይጠብቁኛል።»