አረም ነው ያልኩት ቅጠል

እዚህ ቆላ ክረምት ሲገባ ምድሩ ራሱ እያለመ ያለ ይመስለኛል። ጠዋት ጠዋት ሜዳው ሁሉ እንፋሎት ይለብሳል። ማሽላው እስከ ወገቡ ጉም ውስጥ ቆሞ ይታያል፤ ሰሊጡ አበባውን ወደ ታች አንጠልጥሎ ዝም ይላል። ሰው ከሩቅ ሲመጣ መጀመሪያ ድምፁ ይደርሳል፣ ቆይቶ ጥላው፣ ራሱ ከሁሉም በኋላ ነው የሚመጣው። በእንዲህ ያለ ወቅት የሆነን ነገር ሳስታውስ፣ ሆኖ ነው ወይስ አልሜው ነው እያልኩ እጠራጠራለሁ። ይኼኛው ግን ሆኗል።

የልጅ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷ የኔ ልጅ ናት፤ ኮኪት ከተማ ታስተምራለች። ሦስት ሆነን ከከተማው ጫፍ፣ ማሳው ከሚጀምርበት ላይ እንኖራለን። እኔ ፊደል ቆጥሬ ብዙ ሳልቆይ ወደ እርሻ የወጣሁ ሰው ነኝ። ለልጅ ላስተምር ብል በደንብ የማውቀው አረም ነው። ስለዚህ ልጅቱ አምስት ዓመት በሞላት ክረምት እጇን ይዤ ማሳ ወረድኩ። ሰሊጥ ይኼ ነው፣ ግንዱ አራት ማዕዘን አለው፣ ዳስሺው አልኳት። ይኼ ደግሞ ኩድራ ነው፣ አረም ነው፤ የቅጠሉ ጠርዝ መጋዝ ይመስላል፣ ከቅጠሉ ግርጌ እንደ ድመት ጺም የቀጠኑ ሁለት ጭራዎች አሉት፣ እነሱን እያየሽ ንቀይው። ነቅለሽ ደግሞ ዝም ብለሽ አትጣይው። ሥሩን ወደ ሰማይ ገልብጠሽ በመስመር አጋድሚው፤ ዋልካ አፈሩ እርጥብ ስለሆነ መሬት ከነካ መልሶ ይጸድቃል።

ሁሉንም ያዘች። ጎንበስ ብላ በሁለት ጣቷ ከሥሩ ትስበዋለች፣ ጭቃውን ታራግፋለች፣ ገልብጣ ታጋድማለች። ለአረም ከደጋ የሚወርዱት ሠራተኞች ቆመው ያዩዋት ነበር። አንዱ ጎጃሜ፣ ይቺማ ከሥራ ልታስወጣን ነው ብሎ ሲስቅ ኩራቴ ሌላ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በሚቀጥለው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ጀንበር ዘቅዘቅ ስትል ልጅቱ ጨዋታዋን ትታ ደጃፍ ላይ ትቀመጥና አትነሳም። ስትጠራ እጇን ግድግዳው ላይ እያስኬደች ቀስ ብላ ትመጣለች። እኔ ድካም ነው እል ነበር። አንድ አመሻሽ ላይ በሩ አጠገብ የቆመውን ቢጫ ጀሪካን ገጭታ ወደቀች። ይኼን የሚያህል ጀሪካን። የምታሾፍ መስሎኝ ተቆጣሁ። አላየሁትም አለች። አላለቀሰችም፤ መብራት አብሩልኝም አላለችም። እናቷ ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ስትጠይቃት፣ ሲመሽ መች ይታያል ብላ መለሰችላት። ጀንበር ስትገባ ዓለም ለሁሉም ሰው እንደዚያ የሚጠፋ መስሏት ኖሯል።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ ወጣት ናት፤ ልጅቱን አየቻት፣ እኛን ጠየቀችን፣ ዳፍንት ነው አለች። ከዚያ ምን እንደምትበላ ጠየቀች። ልጄ ቆጠረችላት፤ እንጀራ በሽሮ፣ ዳቦ በሻይ፣ ሰሊጥ በስኳር። ቅጠልስ? ፍራፍሬስ? እኔና ልጄ ተያየን። ነርሷ ለልጅቱ አንዲት ትንሽ የቫይታሚን ፍሬ ቆርጣ አፏ ውስጥ አንጠባጠበችላትና ወደ እኔ ዞረች። አባባ፣ ይኼ ለጊዜው ይደግፋታል፣ የሚያድናት ግን የምትበላው ነው አለችኝ። ቅጠል፣ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ዱባ። ዝም ከተባለ አመሻሽ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ዓይኑ ራሱ ይጎዳል፣ ከተጎዳ በኋላ ደግሞ አይመለስም አለች። ቁጣ የለባትም፤ ግን ቃሏ ቤት ድረስ ተከተለኝ።

ማንጎ ወቅቱ አልፎ ነበር። ፓፓያ አመጣሁ፤ ሳሙና ይሸታል ብላ ፊቷን አዞረች። እናቷ ዱባ ቀቅላ፣ ፈጭታ፣ ሽሮው ውስጥ ቀላቀለችው። ልጅቱ አንድ ጉርሻ ጎረሰችና አቆመች። ሽሮው ለምን ስኳር ስኳር ይላል ብላ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ያህል ሽሮ የሚባል ነገር ሳታሸት አልጎረሰችም። ልጄ አስተማሪ ናት፣ ስንት የሰው ልጅ ትገራለች፤ በዚህ ግን አቅም አጣች። እኔም አባበልኩ፣ ተረት አወራሁ፣ ተቆጣሁ። ምሽቱም በየቀኑ ይመጣል። እሷ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗን ግልጥ አድርጋ ወደ ምንም ስታይ፣ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ሰማዩ ምን ቀለም እንዳለው እነግራት ነበር።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ሴት አለች። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሃያ ዓመት ኖራ፣ ወዲያ ማዶ ሲታመስ ልብሷንና ድስቷን ይዛ የተሻገረች። ነገሩን ስትሰማ ሳቀች። አባቴ፣ መድኃኒቱን እየረገጡት እኮ ነው የሚሄዱ አለችኝ። እዚያ ልጆች ሁሉ በኩድራ ነው ያደጉት አለች። ፍልሰታ ስለነበር ያለ ሥጋ፣ በሽንኩርትና በለውዝ ልሥራላት አለች። እኔ እሺ ማለት ከበደኝ። ልጄ ናት እሺ ያለችው።

ኩድራ እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም። አባቴ ከደጋ ሲወርድ ይዞት የመጣ ኩራት ነው፤ እኛ አራሾች ነን፣ የምንዘራውን እንጂ ሳይዘሩት የሚበቅለውን አንበላም ይል ነበር። እኔም ሳድግ ያንኑ አልኩ። አንድ ክረምት አንድ ከወሎ የመጣ ሽማግሌ ሠራተኛ ከነቀልነው ክምር ላይ ቀንበጡን እየለየ በጣሳ ቀቅሎ ሲበላ አገኘሁት። ጋሼ፣ ይቅመሱ አለኝ። ሰው ፊት፣ እኛ አረም አንበላም ብዬው አለፍኩ። ሌሎቹ ሳቁ። እሱ ጣሳውን ወደ ራሱ አስጠጋና መብላቱን ቀጠለ።

እንግዲህ ሴትዮዋ ሠርታ አመጣች። ድፍኑን የተሠራ፣ ያልተከተፈ ነበር፤ ቅጠሉ እንዳለ ይታያል። ልጅቱ ትሪው ላይ አጎነበሰች። በሁለት ጣቷ አንድ ቅጠል ከወጡ ውስጥ ሳበች፣ አራገፈችው፣ ትሪው ጠርዝ ላይ አጋደመችው። ሌላ ደገመች፤ ከፊተኛው ጎን አስተካክላ አጋደመች። እናቷ፣ ምግብ አይጫወቱበትም አለቻት። እኔ ግን አየሁ። እየተጫወተች አልነበረም። የቅጠሉን ግንድ ወደ ላይ፣ ጫፉን ወደ ታች እያደረገች፣ በመስመር ታስተኛው ነበር።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት።

"አባባ፣ አረም ገብቶበታል" አለችኝ። "አንቱ አይደሉ እንዴ ያሳዩኝ? ይኸው ጭራው።"

ልጄ ልትስቅ ከጀለችና ፊቴን አይታ ተወችው። ሴትዮዋ ግን አልተወችኝም። በለመደችው ዓረብኛ ጠይብ፣ ደህና ብላ፣ ልጅቷን አትቆጧት፣ ጎበዝ አራሚ ናት፣ እንዳስተማሯት አርማለች አለች። ከዚያ አንድ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ እኔ ዘረጋች። አባቴ፣ አንቱ ይጉረሱላት አለችኝ። ልጅቱ አፌን ታያለች። ጠግቤያለሁ አልኩ። ያንን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ስንት ዓመት ሞልቶኝ፣ የልጅ ዓይን እየጠፋ። ልጅቱ እጇን ታጥባ ተነሳች።

ያን ሌሊት ዝናብ ጣለ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እየሰማሁ ስለ ነርሷ፣ ስለ ጣሳው ሽማግሌ፣ ስለ አባቴ አሰብኩ። አንዱ ሐሳብ ሌላው ላይ እየተኛ ሄደ። ጠዋት ልጅቱን ቀሰቀስኳትና ማሳ ወረድን።

ጉሙ ገና አልተነሳም። ሰሊጡ ውስጥ ስንገባ ጤዛው ልብሳችንን አረጠበው። እንደ ለመደችው ለመንቀል ጎንበስ ስትል ያዝኳት።

"እሜቴ፣ አንድ ነገር ተሳስቼ ነው ያስተማርኩሽ" አልኳት።

ኩድራ ሰሊጥ መሃል ሲወጣ አረም ነው፣ ድስት ሲገባ ግን ምግብ ነው፣ እኔ ይኼን አላውቅም ነበር አልኳት። ለስድስት ዓመት ልጅ እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ ለትልቅ ሰውም ብዬ እንደሆን እንጃ። ከዚያ ዙሪያውን አየችና፣

"ሰሊጡስ? እሱስ የእውነት ሰሊጥ ነው?" አለችኝ።

ሰሊጡን እርግጠኛ ነኝ አልኳት። ያመነችኝ አይመስለኝም። እኔም ለአንድ አፍታ፣ በዚያ ጉም ውስጥ፣ የዘራሁትን ነገር ተጠራጠርኩት።

አንድ ቀንበጥ ቀጠፍኩና አፌ ውስጥ አደረግሁት። ሳኝክ ዓይኗ ከአገጬ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ፊቴን እንዳላጨማድድ ታገልኩ።

"ይጣፍጣል?" አለች።

ልዋሻት ነበር። ግን ትናንት የነገርኳትን ዛሬ ያፈረስኩ ሰው ነኝ፤ ሌላ ውሸት ለመጨመር አፈርኩ። አይጣፍጥም፣ ያንሸራትታል አልኳት። ምን ያንሸራትታል አለች። ምላስ ላይ፣ ልክ እንደ ዋልካ ጭቃ፣ ልትቆሚ ስትይ ያስኬድሻል አልኳት። ሳቀች። አፏን ከፍታ ቆመች። አንዲት ትንሽ ቅጠል ምላሷ ላይ አስቀመጥኩላት፤ ዘግታ ቆየች፣ ዓይኖቿ ሰፉ፣ ተንሸራተተ አለች።

ነጠላዋን ዘርግታ ራሷ ለቀመች። እንደ አረም ከሥሩ ሳይሆን ቀንበጡን ብቻ፣ መልሶ እንዲያቆጠቁጥ። ጎረቤቴ ገበሬ በዳር ሲያልፍ ቆመና፣ አባ፣ ዘንድሮ አረሙን ለቅመው ሰሊጡን ሊጥሉት ነው አለኝ። ልጅቱ ቀና ብላ፣ ሰሊጡ የእውነት ነው አለችው። ሰውየው ምንም ሳይገባው ሄደ።

ሴትዮዋ በዚያው ቀን ልጅቱ የለቀመችውን ሠራች፤ አሁን አድቅቃ ከትፋ። እኔም ተቀመጥኩ። ልጅቱ ደንብ አወጣች፤ እሷ አንድ ስትጎርስ እኔ አንድ። ካታለልኳት ታውቃለች። አባባ፣ የአንቱ በኩል አልጎደለም ትላለች። እኔ እንዳልሸሽ ነበር የምትበላው፣ እሷ እንዳትሸሽ እኔ እበላለሁ። በየቀኑ። ጉንጬ ለመደው፣ ጉሮሮዬም እምቢታውን ተወ። ልጄ ከዳር ቆማ ስታየን አንድ ቀን፣ አባዬ፣ አንቱን ለማብላት ነው ለካ ይኼ ሁሉ አለችኝ። ሰሊጡ ጥግ ላይ አንድ መስመር ሳላርም ተውኩላት። ፓፓያውንም ቆይታ፣ ሎሚ ጨምቃ፣ ራሷ ለመደችው። ዱባን ግን እስከ ዛሬ አፏ አታስጠጋውም፤ ስለ ዱባ ለመነጋገርም ፈቃደኛ አይደለችም።

ነርሷ ዘንድ ተመልሰን ሄድን፤ ፍሬዋን ደግማ ሰጠቻት፣ በርቱ አለችን። ስለ ምሽቱ ግን እኔ አልጠይቃትም ነበር። ታያለሽ ወይ ብዬ፣ አላይም እንዳትለኝ ፈርቼ። ከጎኗ ቁጭ ብዬ የሰማዩን ቀለም መንገሬን ቀጠልኩ። አንድ ቀን ብርቱካን ነው ስላት አሁን ግራጫ ነው አለችኝ። ገምታ ይሆናል አልኩ በልቤ።

መስከረም ሊጠባ ሰሞን ነው። ጀንበሯ በሱዳን በኩል ወርዳ፣ ብርሃኑ ከማሽላው ጫፍ ላይ እንደ ጭስ እየተነሳ ሲሄድ ፍየሎቹ መግባት ጀመሩ። ለእኔ እግር የሌላቸው ጥላዎች ነበሩ፤ በአየር ላይ የሚንሳፈፉ።

"ጥቁሯ ታነክሳለች" አለች ልጅቱ።

ጥላዎቹ ቀረቡ፣ ፍየል ሆኑ፤ ጥቁሯ እውነትም ታነክስ ነበር። ያዝኳት፣ እግሯን አነሳሁ። ጣቴን ሰኮናው መሃል ባመላልስ እሾህ የሚባል አላገኝ አልኩ። ዓይኔን አስጠጋሁ፤ ሁሉም አመድ ነው። ልጄ ባትሪ ላምጣ ብላ ወደ ቤት ገባች። ልጅቱ ግን ከአጠገቤ ተንበርክካለች።

"አንቱ እግሯን ብቻ ይያዙልኝ" አለችኝ።

ያዝኩላት። ፍየሏ ተንቀጠቀጠች። ልጅቱ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አንድ ጊዜ ብቻ አየች፤ በጥፍሯ ነካ አደረገች፣ ይዛ ሳበች። ይኸው ብላ እሾሁን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። አላየሁትም፤ ወጋ ሲያደርገኝ ነው ያወቅሁት። እናቷ ከቤት ወጥታ ኖሯል፤ በሩ ላይ፣ ባትሪውን ሳታበራ ቆማ ነበር።