የጧፍ ጠብታ ያለበት ገጽ

ለተጊዮርጊስ ባሏ ከሞተ ወዲህ ጠዋቱ ጠዋት አልመስላት አለ። አባይነህ ከሠራዊቱ ጋር እየዘመተ ድንኳን የሚተክል ሰው ነበር። ቤቱ ባደረ ጊዜ ግን ዶሮ ሲጮህ ተነሥቶ፣ ጧፍ አብርቶ፣ ደጃፉ ላይ ዳዊቱን ይደግማል። እሷም ከመደቡ ሳትነሣ ታደምጠዋለች። ቃሉ ግዕዝ ነውና አይገባትም፤ ድምፁን ግን ከእስትንፋሱ ለይታ ታውቀው ነበር። ቆላ ወርዶ በንዳድ ሲሞት ጓደኞቹ መጽሐፉን ከነቆዳ ማኅደሩ አመጡላት። ተቀብላ ከምሰሶው ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ልጇ በለጡ ያን መጽሐፍ አውርዳ፣ አንድ ማለዳ፣ ደጃፉ ላይ እንድታነበው።

ቤቷ ከእንጦጦ ከተማ ወደ የካ የሚወርደው ቁልቁለት ወገብ ላይ ነው። የምትኖረው ውሃ እየቀዳች ነበር፤ ከታች ከምንጩ እንሥራዋን ሞልታ ተራራውን ትወጣለች። በመንገዷ ላይ ሁለት ትምህርት ቤቶች አሉ። የላይኛው የየኔታ አካሉ ነው። ልጆቹ ነፋስ በሚያፏጭበት የደብሩ ቅጥር ሥር ቁጭ ብለው፣ ፊደሉን በስንደዶ እየነኩ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ስንደዶው ከፊደሉ ፈቀቅ ካለ አርጩሜው ይመጣል። የታችኛው የየኔታ ወልደ ሐዋርያት ነው። እኒህ የኔታ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ወይራ ሥር ተቀምጠው በጆሯቸው ያርማሉ። ልጆቹም እየተወዛወዙ፣ እየሳቁም ጭምር በዜማ ይቀበሏቸዋል።

ለተጊዮርጊስ ክረምት ከበጋ ሁለቱን ስታስተያይ ከረመች። ላይኛው ጋ የሚማሩት ልጆች ፊደል ቶሎ ይለያሉ፤ ግን ፊታቸው በብርድ ተሰነጣጥቋል ትላለች። ታችኛው ጋ ሲደርስ ምክንያት አትደረድርም፤ እንሥራዋን እንዳዘለች ትቆማለች። አብራት ውሃ የምትቀዳው ዲንቄ፣ የየካ ገበሬ ልጅ፣ ቀልድ አያልቅባትም።

«ነይ እንሂድ እንጂ፤ ውሃው ጀርባሽ ላይ ሊፈላ ነው» ትላታለች። «ደግሞስ ሴት ልጅ ዳዊት ደግማ ምን ልትሆን? ቅዳሴ ልትቀድስ ነው?»

በመጨረሻ በለጡን ታችኛው አስገባቻት። ዲንቄን ስለሚቀርበን ነው አለቻት። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። የየኔታ ወልደ ሐዋርያት ድምፅ የቃሉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ዝቅ ይላል፤ የአባይነህም እንዲሁ ነበር።

በለጡ ብልህ ነበረች። ሌሎቹ ገና ሲንተባተቡ እሷ ዳዊት ገባች። አንድ ማለዳ መጽሐፉን ከምሰሶው አውርዳ፣ አባቷ ከሚቀመጥበት ደጃፍ ተቀምጣ፣ በየኔታ ዜማ ትደግመው ጀመር። እናቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። ብዙ ማለዳ እንዲህ አለፈ።

በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ገጽ አለ። አባይነህ አንድ ቀን እያነበበ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ጧፉ ተንጠባጥቦበት ነበር። ከዚያ በኋላ እዚያ ቦታ በደረሰ ቁጥር ማንበቡን ገታ አድርጎ ብራናውን በአውራ ጣቱ ዳበስ ያደርጋል። ለተጊዮርጊስ ያቺን ቦታ ከዜማው ታውቃታለች። ልጅቷ እዚያ ስትደርስ ጠብታውን ልታይ ተነሥታ ከኋላዋ ቆመች። ገጹ ንጹሕ ነው። ጎንበስ ብላ ቅጠሉን ብትገልጥ፣ ሰሙ ብዙ ራቅ ብሎ ተገኘ።

«በለጡ፣ ይቺ ፊደል ማን ትባላለች?» አለች ጣቷን ብራናው ላይ አሳርፋ።

ልጅቷ ፊደሏን አየቻት። እንደገና አየቻት። «የኔታ ሲሉ ሰምቼ ነው የማውቀው» አለች።

ለተጊዮርጊስ በዚያው ቀን እንሥራዋን ሳትይዝ ወረደች። የሆነውንም ለየኔታ ወልደ ሐዋርያት ነገረች። እሳቸውም የልጆቹን ስንደዶ በዓይኑ የሚጠብቅላቸው ትልቁ ደቀ መዝሙር ቅኔ ፍለጋ ጎጃም ከወረደ ወዲህ ጆሯቸውን ብቻ አምነው እንደነበር ነገሯት።

«ልጅሽ አንዴ የሰማችው አይጠፋትም፤ እኔንም እሱ አታለለኝ» አሉ። «ላይ ውሰጃት። አካሉ ይቆጣል፤ ግን ያሳያል።»

«እርስዎ ጋ ያመጣኋት እኮ . . .» አለችና ተወችው። ጉልበታቸውን ስማ ወጣች።

በለጡ ላይኛው ገብታ ከሀ ጀመረች። የኔታ አካሉ ስንደዶው ያልነካውን ቃል ከአፏ እንዳታወጣ ከለከሏት፤ ቤቱ ጠዋት ጠዋት እንደገና ዝም አለ። ዲንቄም ቤትሽ እንደ ሙሽራ አፉን ዘጋ እያለች ቀለደች። ለተጊዮርጊስ ምንጩ ጋ ስትወርድ ወይራው ሥር መቆሙን ግን አልተወችም።

ፊቷ በብርድ የተሰነጣጠቀ በለጡ መጽሐፉን መልሳ ያወረደችው ከክረምቱ በኋላ ነው። ንባቡ እንደ ቀድሞው አልፈሰሰላትም። ስንደዶዋን ይዛ ትነካለች፣ ትቆማለች፣ ትነካለች። ዜማ የለውም። እናቷ ከመደቡ ሆና የባሏን ድምፅ ብትጠብቅ አልመጣላትም። ቅጠሉ ሲገለጥ ግን ትሰማ ነበር። ብዙ ማለዳ ከቆየ በኋላ ልጅቷ አንድ ቦታ ላይ ደረሰችና ስንደዶዋ ቆመ።

«እማዬ፣ እዚህ ሰም አለ። ቃሉ አይታይም።» ልትፍቀው ጥፍሯን አስጠጋች።

«ተይው» አለች ለተጊዮርጊስ ተነሥታ። «አባትሽ ነው ያንጠባጠበው።»

በለጡ እጇን ሰበሰበች። ጥቂት አሰበችና ዓይኗን ጨፈነች፤ የተሸፈነችውንም ቃል በየኔታ ወልደ ሐዋርያት ዜማ፣ መጨረሻዋን ዝቅ አድርጋ አለቻት። አንዲት ቃል ናት። ለተጊዮርጊስ የምሰሶውን ባዶ መስቀያ ይዛ ቆመች።

ልጅቷ ዓይኗን ገለጠችና ከሰሙ ማዶ ያለውን ፊደል በስንደዶዋ ነካች።