እስከ አባቴ ደጅ የሄዱት እትዬ ወርቄ

እኔ ዘሃራ ከእትዬ ወርቄ ጋር ስተዋወቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ባለፈው ሐሙስ አረፉ። በጭሮ፣ በሚኤሶና በገለምሶ ያላችሁ፣ በእርሳቸው እጅ ያለፋችሁ ሁሉ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

እትዬ ወርቄ በነርስነት ተመድበው ከሩቅ አገር መጥተው እዚሁ ጭሮ የቀሩ ሴት ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዲስ አማኞችን በቤታቸው ያስተምሩ ነበር። እጃቸው ሥራ አይፈታም፤ የጎረቤት ልጅ ቁስል እያጠቡ ወንጌል ያስነብቡናል። ምዕራፉ ሲያልቅ «ምን ገባችሁ?» ይላሉ። አንዷ «ሁሉም ገብቶኛል» ካለች «እንግዲያው ነይ፣ አንቺ አስተምሪኝ» ብለው ወንበራቸውን ይለቁላታል።

አንዳንዶች ስሜን ለውጬ እንድጠመቅ ሲመክሩኝ እትዬ ወርቄ ተቆጡ። «ስሟን ያወጣላት አባቷ ነው። ምን በደለንና እንቀማዋለን?» አሉ።

አንድ የማይለቁት ደንብ ነበራቸው። ማንም ሰው ወላጆቹ ዘንድ ሄዶ በገዛ አፉ ሳይነግራቸው እንዲጠመቅ አይፈቅዱም። «ተደብቆ የጀመረ ሰው ዕድሜውን ሲደበቅ ይኖራል» ይሉ ነበር። ይህ ደንብ ዋጋ አስከፍሏል። ከእኔ በፊት አንድ ወጣት ሊናገር ወደ ገለምሶ ሄዶ አልተመለሰም። የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አልሰማንም። ከዚያ ወዲህ እትዬ ወርቄ ማንንም ብቻውን አልሰደዱም፤ እርሳቸውም አብረው ይሄዱ ነበር።

የእኔ ተራ ደርሶ ወላጆቼ ወደሚኖሩበት ወደ መሰላ ሄድን። አባቴ ግቢው ውስጥ ቆሞ የምለውን ሁሉ ሰማኝ። አልጮኸም፣ አልመታኝም። «ሁለት ሴት ልጆች ነበሩኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ አንድ አለችኝ» አለና ገብቶ በሩን ዘጋ። እናቴ ከውስጥ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር።

ትንሽ ቆይታ እኅቴ ምንጣፍ ይዛ ወጣች። ወደ እኔ ሳታይ «አባዬ ለኬሱማዋ አንጥፊላት ብሏል፤ እንግዳ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም» አለች።

እትዬ ወርቄ ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡና ጎናቸውን መታ መታ አደረጉ። «ነይ።»

«ለእርስዎ ነው እኮ የተነጠፈው» አልኳቸው።

«ለእኔ ከሆነማ ማንን እንደማስቀምጥበት እኔ አውቃለሁ። ነይ አልኩሽ!»

የመጨረሻው ሚኒባስ እስኪደርስ ተቀመጥን። በሩ አልተከፈተም። መንገድ ላይ እጄን ይዘው «ይከፍታል። አባት ነው» አሉኝ።

በየዓመቱ በአረፋ ሰሞን አብረን ሄድን። ምንጣፉ ይወጣል፤ አባቴ አይወጣም። እኔ በተጠመቅሁ በስንተኛው ዓመት ይሆን፣ ከመሰላ ጫት ጭኖ የመጣ ሹፌር የምሠራበት ሻይ ቤት ገብቶ አባቴ መሞቱን ነገረኝ። ከእትዬ ወርቄ ጋር ስንደርስ ተቀብሯል። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ሆና አየችኝና ፊቷን አዞረች።

በሚቀጥለው እሑድ ከጸሎት ቤት ስንወጣ አንድ ወንድም «አይዞሽ፣ ለበጎ ነው» አለኝ። እትዬ ወርቄ መሐላችን ገቡ።

«ዝም በል! አባቷ ነው የሞተው። ለበጎ ከሆነ እግዚአብሔር ራሱ ይንገራት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይከፍታል ብዬሽ ነበር። ተሳስቻለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ለማንም «ይከፍታል» ሲሉ አልሰማኋቸውም። አብሮ መሄዱን ግን አልተዉም። ጉልበታቸው ደክሞ፣ በከዘራ እየተደገፉ እንኳ በየሰው ደጅ ተቀምጠዋል።

ሕመሙ ሲጠናባቸው አስታመምኳቸው። ሥቃያቸው ከባድ ነበር፤ አሳምሬ ልጽፈው አልችልም። አንድ ቀን «ፈርቻለሁ» አሉኝ። መምህሬ ይፈራሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና ጥቅስ ልጠቅስላቸው አፌን ከፈትሁ። «አትስበኪኝ፤ አጠገቤ ተቀመጪ» አሉ። ተቀመጥሁ።

እትዬ ወርቄ፣ እንግዲህ ይረፉ። አፈሩ ይቅለልዎት። ከእርስዎ በኋላ የሆነውን አንድ ነገር ነግሬዎት ልሰናበት። በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን እናቴ ከመሰላ መጣች። ማንም አልጠራትም። ድንኳኑ ውስጥ ከእኔ ራቅ ብላ ተቀመጠችና ብዙ አለቀሰች። አጠገቧ ለነበሩት ሴቶች በኦሮምኛ «ይህች ሴት ያን ሁሉ ዓመት ደጄ ስትቀመጥ አንድ ቀን ግቢ አላልኳትም» አለቻቸው። ቤቴ እንድታድር ለመንኳት። «አልችልም፣ ልጄ» አለችኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ መሰላ ተመለሰች።