የባላምባራስ አንድ ዓይን

ደብተራ ገብረኪዳን በደብረ ታቦር ዙሪያ ሠላሳ ዓመት ቅዱሳንን ሲሥል ኖሯል። መሣያው ሸምበቆ ላይ የታሰረ የፍየል ጠጉር፣ ቀለሙም ቀይ አፈርና የድስት ጥላሸት ነበር። የሣላቸው ቅዱሳን ሁሉ ክብ ፊትና ትልልቅ ዓይን ስለነበራቸው፣ ጊዮርጊስን ከሌላው የሚለየው ፈረሱ ብቻ ነው ብለው የሚያሙት አልጠፉም። ሐሜቱ ከንክኖት አያውቅም ነበር፤ ጋፋት መድፍ ሠሪዎቹ ፈረንጆች ዘንድ ሄዶ መልክ የሚያወርድ ሳጥን እስኪያይ ድረስ።

ሳጥኑ ከፊቱ መስተዋት አለው። ሰው በብርሃን ሲቀመጥ መልኩ ከሳጥኑ ላይ በተነጠፈው ወረቀት ቁልጭ ብሎ ያርፋል፤ የሠዓሊው ሥራ ዳር ዳሩን በከሰል መከተል ብቻ ነው። ገብረኪዳን በቅሎውን ሰጥቶ ሳጥኑን ተሸክሞ በእግሩ ተመለሰ።

«ለካ እስከ ዛሬ የጎደለኝ ዕቃ ኖሯል» አለ ለሚስቱ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለች ብዙነሽ። «አንቱ እጅዎ ምን ጎደለው?»

በዚያው ወር ባላምባራስ ፈንታሁን ያሠሩት የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለቀ። ገብረኪዳን ሳይሞት የእመቤታችንን ግድግዳ መሣል የዕድሜ ልክ ምኞቱ ነው። ባላምባራስም «አስቀድመህ እኔን ከእግሯ ሥር እንደ ወደቅሁ አድርገህ ሣለኝ፤ ካማረልህ ግድግዳው ያንተ ነው» አሉት።

ሳጥኑ ብርሃን ይወዳል፤ ብርሃን ያለው በበሩ በኩል ነው። ባላምባራስ ወደ በሩ ቢዞሩ ዓይናቸው እያለቀሰ አስቸገረ፤ በጎን ተቀመጡ። ገብረኪዳን ትንፋሹን ውጦ መስመሩን ተከተለ። አፍንጫው፣ የአገጩ ኪንታሮት፣ አንዷ ዓይን፣ ምንም አልቀረ። ወደ ሸራው አዛውሮ ቀለም ቀባውና ከሥሩ «ዘከመ ተማኅፀነ»፣ እንደ ተማፀነ፣ ብሎ ስማቸውን ጻፈ። ጻድቃንን በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንንና ይሁዳን በአንድ ዓይን ሲሥል የኖረ ሰው፣ ያን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበም። ምን ያስብ፣ ሳጥን እያለለት!

መጋረጃው ሲገለጥ ካህናቱ አማተቡ። የባላምባራስ እናት ወይዘሮ እመቤቴ «ልጄን ከሰይጣን ወገን ደመረው» ብለው አለቀሱ።

«ይሁዳ ብለን ብንጽፍበትስ?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«ኪንታሮቱንስ ምን ልትሉት ነው?» አሉ ባላምባራስ።

መከራው ይኸው ነበር። ሥዕሉ ባይመስል ኖሮ ስሙን ፍቆ የሌላ መጻፍ ይቻል ነበር። ይህን ግን ከአንበሳሜ የመጣ እንግዳም አይቶ «ባላምባራስ ምን በደሉ?» ማለቱ አይቀርም።

«ጌታዬ፣ የሣለው እኮ ሳጥኑ ነው» አለ ገብረኪዳን።

«እንግዲያው ግድግዳዬን ለሳጥን አልሰጥም።»

ግድግዳው ለይርጋ ሆነ። ይርጋ ከፊደል ጀምሮ እስከ ሥዕል ገብረኪዳን ዘንድ የተማረ ነው። በቅሎ የሌለው ገብረኪዳን ቀለም ሊፈጭለት ገባ፤ አፈረ፣ ከማፈሩም ይልቅ አዘነ። ይርጋ ባላምባራስን መምህሩ እንዳሳየው፣ በክብ ፊትና በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሣላቸው። ኪንታሮት የለ፣ ሽበት የለ፤ በጌምድርን ሁሉ ቢዞሩ ያ መልክ ያለው ሰው አይገኝም።

ባላምባራስ ቆመው አዩት፤ እንባቸው መጣ።

«ቁርጥ እኔን!» አሉ። «ይህን እጅ ከማን ተማርኸው?»

«ከእሳቸው» አለ ይርጋ፣ ወደ ቀለም ፈጪው እያመለከተ።

ባላምባራስ ቀልድ መስሏቸው እስኪበቃቸው ሳቁ።