የሳሌም ጥቅልል

ወይዘሮ ፈጠነች ተበላ ከምትባለው ከተማ ገበያ እንቁላል እየሰበሰበች ሶዶ ላይ መቸርቸር ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ አንስታ ሳታይ አትሸጥም። የተሰነጠቀውን እንኳ አትጥለውም፤ ቤቷ ወስዳ ትጠብሰዋለች።

ስዊድን የምትኖረው የእህቷ ልጅ ሳሌም ለጥየቃ መጥታ፣ "የዚያን አገር ጣፋጭ ልሥራልሽ" ብላ አሥራ ሁለት ምርጥ እንቁላል ወሰደችባት። ነጩን ከስኳር ጋር መትታ ጋገረችውና ክሬም ቀብታ እንደ ሰሌን ጠቀለለችው። ፈጠነች ስትጎርሰው እንደ ሳሙና አረፋ አፏ ውስጥ ሟሟ። ስኳሩ አንገሸገሻት፤ ልጅቷ እንዳትቀየም ብላ እንደ ምንም ዋጠችው።

"አስኳሉስ?" አለች።

ሳሌም ባልዲውን አሳየቻት። አሥራ ሁለቱም አስኳል ቅባታም እጣቢ ውስጥ ፈርጧል። ፈጠነች ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

"ልጄ፣ ይሄን ያስተማረሽ ሰው ዶሮ አርብቶ አያውቅም።"