በአያቷ ስም

ስማቸው የገነነ የቤልጅየም ልብስ ነዳፊዎች ከየት ተነስተው የት እንደደረሱ የሚናገር ተከታታይ ጽሑፍ እጽፍ ነበር። ጆሃንስበርግ ላለነው ሰዎች በምትታተም ትንሽ የአማርኛ ጋዜጣ ላይ ነው። የእኛ ሰው በሚነግድበት በጄፒ ሰፈር በጨርቅና በልብስ የሚተዳደር ሰው ብዙ ስለሆነ አንባቢ አላጣም። ሦስተኛው ጽሑፍ ስለ አንዲት የአንትወርፕ ነዳፊ ነበር። አካዳሚ ገብታ ተማረች፤ ለዝናብ ካፖርት ፋብሪካ ተቀጥራ ሠራች፤ ፓሪስ ሄዳ የሌላ ሰው ረዳት ሆነች፤ ተመልሳም የራሷን የልብስ ቤት ከፈተች። ይህን ሁሉ ከሁለት ሁለት ምንጭ አረጋግጫለሁ። አሠራሬ እንዲህ ነው፤ እኮራበትም ነበር።

ጋዜጣው የሚቀጥለው ጽሑፍ ስለ እሷ መሆኑን ባስታወቀ ማግስት አንዲት ሴት ደወለችልኝ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ እሷ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ።"

ከሆሳዕና አካባቢ የመጣች ልብስ ሰፊ ናት። ጄፒ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት የስፌት ማሽን ብቻ በምትይዝ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ሄጄ አነጋገርኳት። እንደነገረችኝ፣ እዚያ ቤት ነዳፊዋ ወረቀት ላይ ትስላለች፤ ይህቺ ደግሞ ሥዕሉን አይታ የመጀመሪያውን ሙከራ ከአቡጀዴ ትቆርጣለች። ውዱ ጨርቅ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ከእኔ የምትፈልገው ጽሑፉ ውስጥ ስለ እሷ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ከተማ መሃል ያለ የስፌት ማሠልጠኛ የቆረጣ አስተማሪ ይፈልጋል፤ ቤልጅየም መሥራቷን የሚያሳይ ነገር አምጪ ብሏታል። ወረቀቶቿ ዛንድስፕሩት ሰፈር የነበረው የባሏ ስፓዛ፣ ትንሿ የሰፈር ሱቅ፣ ሲዘረፍ አብረው ጠፍተዋል። ጋዜጣ ላይ ከወጣ ይበቃል ብለዋታል።

ስሟንና የአባቷን ስም ጽፌ አንትወርፕ ወዳለው የነዳፊዋ ቤት ላክሁ። መልሱ ቶሎ መጣ፤ በዚህ ስም የሠራ ሰው የለም፣ የሚል ትሁት ደብዳቤ ነው።

ክፍሏ ስገባ ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ አንዱ ከኮዝሞ ሲቲ፣ አንዱ ከዳቬይተን፣ ሁለቱም ባለ ስፓዛ። ወደ ውጭ ልጠራት እችል ነበር። እዚያው ቆሜ ነገርኳት።

"እንዴት የለም ይላሉ?" አለች። "መቀሴ የሚሰቀልበት ሚስማር እንኳ የራሴ ነበር።"

የዳቬይተኑ ሳቀ። "ተዪ እንጂ እህቴ! ቤልጅየም ያልሽው እዚሁ ጄፒ ያለ ፎቅ ይሆናላ!"

እኔ አልሳቅሁም። ዝም በልም አላልኩትም። እሷ ሜትሯን አንስታ የሰውየውን ትከሻ መለካት ጀመረች።

በሳምንቱ የማሠልጠኛው ኃላፊ ስለ ልብስ ሰፊዋ ልትጠይቀኝ ደወለችልኝ። "ማረጋገጥ አልቻልኩም" ማለት ነበረብኝ። "ቤቱ አያውቃትም" አልኩ። የሁለቱ አባባል ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነው።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ መኖሪያ ወረቀቴን ለማሳደስ ተሰለፍኩ። ጸሐፊዋ አንድ ስም ጠራች። ደግማ ጠራች። ጥበቃው ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ "ባባ፣ አንተ አይደለህም እንዴ?" አለኝ። የአያቴ ስም ነበር። በዚህ አገር ወረቀት ላይ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የምጠራው በአያቴ ስም ነው፤ ፈረንጅ ፓስፖርታችን ላይ መጨረሻ ያለውን አይቶ ነው መዝገብ የሚያስገባን። እኔ ግን ስለ ልብስ ሰፊዋ አንትወርፕን የጠየቅሁት እርስ በርሳችን በምንጠራራበት፣ በእሷና በአባቷ ስም ነው።

ከዚያው ከሰልፉ ደወልኩላት።

"የአያትሽ ስም ማን ነው?"

"አሁን ነው የሚጠይቁኝ፣ ጋሼ?" አለችና ነገረችኝ።

በዚያ ስም እንደገና ለአንትወርፕ ጻፍኩ፤ በማግስቱ መልስ መጣ። አራት ዓመት ቆረጣ ላይ ሠርታለች፤ ከእጇ የወጣ ሙከራ ተመልሶ አያውቅም፤ አሁን የት ናት? ሰላምታ አድርሱልን። ደብዳቤውን ይዤ ማሠልጠኛው ሄድኩ። ትምህርት ተጀምሯል፤ ሌላ አስተማሪ ተቀጥሯል። ኃላፊዋ አንብባ ፋይል ውስጥ አስገባችው።

ይህን ሁሉ ለልብስ ሰፊዋ ነገርኳት። እግሯን ከማሽኑ አላነሳችም።

"ጽሑፉ ያለ ስምሽ ወጥቷል፤ ጋዜጣው ላይ እርማት አወጣለሁ" አልኳት።

"ያኔ ሰው ፊት ነው የነገሩኝ። እነዚያ ሁለቱ ጋዜጣ አያነቡም። ሄደው ይንገሯቸው።"

የኮዝሞ ሲቲው ሰምቶ አንገቱን ደፋ። ቅዳሜ ታክሲ ይዤ ዳቬይተን ሄድኩ። ሰውየው ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ሆኖ ለአንዲት አሮጊት በዙሉኛ "ሳውቦና ጎጎ" ብሎ ሰላም እያለ ዳቦ ያቀብላል። ስለ ልብስ ሰፊዋ መምጣቴን ነገርኩት።

"አሃ፣ ቤልጅየም!" አለ እየሳቀ። "እዚህ ሰፈር ያለን ሁላችንም እኮ እንደዚያ ነው የምንላት። ሱሪ ማሳጠር የፈለገ ቤልጅየም ጋ ሂድ ይባላል።"

ደብዳቤውን አውጥቼ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። ሳቁ ጠፋ። ደንበኛ መጥቶ ፍርግርጉን ቢያንኳኳም ዞር አላለም።

"ታዲያ ሥራውን አገኘች?"

"አላገኘችም።"

"ምነው? በማን ምክንያት?"

"በእኔ" አልኩት።