ሙሽራዋ ከአሸዋው እስክትወጣ

መቱ ውስጥ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ከቤታችን ጀርባ ጋሼ ከድር የሚባሉ ድስት ሠሪ ነበሩ። ያረጀ የመኪና ፒስተን አቅልጠው በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ያፈሳሉ። ድስቱ ከአሸዋው ጋር እንዳይጣበቅ የቅርጹን ውስጥ በውሃ በተበጠበጠ የከሰል ዱቄት ይቀቡታል፤ ከዚያ ፍም አስጠግተው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። ተረት የሚነግሩን ያኔ ነበር።

ተረቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሶር ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ እንቅልፍ የጣላት ሙሽራ ስትነቃ አሸዋው ይዟታል። መጀመሪያ እግሯን፣ ከዚያ እጇን፣ በመጨረሻ ሹሩባዋን ለምና ታስለቅቃለች። «ኤርጋሲ?» እንላለን፣ ከዚያስ ለማለት። በፋኖሱ ብርሃን የፊታቸው ግማሽ ብቻ ይታያል፤ አይቸኩሉም። «አሸዋውም ለቀቃት» ሲሉ ልጃቸው ሙስጠፋ የቀለጠውን አንስቶ ያፈሳል። ከዚያ ቃል በፊት ማንም አያነሳም።

አንድ የክረምት ምሽት ሙስጠፋ ቸኮለ። በማግስቱ ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ አዲሱ ኮቱ ደግሞ ልብስ ሰፊው ዘንድ ነበር፤ ሱቁ ሊዘጋ ነው።

«አባባ፣ የእርስዎ ሙሽራ ዛሬ ትፍጠን እንጂ! የእኔዋን ሌላ ሰው ሊወስዳት ነው።»

«ዝም በል አንተ! ገና እጇ ነው የወጣው።»

ሳቅን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ አየሩ ራሱ ርጥብ ነበር። ሙስጠፋ የቅርጹን ጠርዝ በጣቱ ነካ አድርጎ «ደርቋል» አለና አፈሰሰ።

ከአሸዋው ውስጥ ጉሮሮ እንደ መጥረግ ያለ ድምፅ ተሰማ። ቅቡ ውስጥ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ የቀለጠውን መልሶ ተፋው። ሙስጠፋ ግራ ዓይኑን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። የጋሼ ከድር ተረት የሙሽራዋ እጅ ላይ ቀረ።

ባጃጅ ሆስፒታል አደረሰው፤ ዓይኑ ግን አልተረፈም። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ አልሄዱም፤ ከዚያም በኋላ አልሄዱም። ድስቱ አሸዋ እንደነከሰ ጓሮ ተጣለ፤ በድንጋይ ብንፍቀውም አለቀቀም።

ዜና መጻፍ ሥራዬ ከሆነ በኋላ ነገሩን ባለሙያ ጠየቅሁ። የተረቱ ርዝመት ቅቡ ለመድረቅ የሚፈልገውን ጊዜ ያህል ነበር። ጋሼ ከድር ይህን አስበውት እንደሆነ አላውቅም፤ ሳልጠይቃቸው ሞቱ።

ባለፈው ክረምት መቱ ስመለስ ወደዚያው ጓሮ ገባሁ። ያካፋል። ሙስጠፋ ሸብቷል፤ ፍሙ አጠገብ ተቀምጦ ለሠራተኞቹ ያወራል፤ የእሱ ተረት ከአባቱ ተረት ይረዝማል። ሰላም ስለው ሳይዞር መዳፉን አነሳ፣ ቆይ እንደማለት። ቆምኩ። የቀለጠው እሳቱ ላይ ይብለጨለጫል፤ የሚነካው የለም። ሙሽራዋ ገና አሸዋው ውስጥ ነበረች።